ሳይታመም የሚታይ ዓይን፦ የጆሃንስበርግ ትዝብቶች

ጄፒ

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ አበሻው «ጄፒ» የሚለው ሰፈር አለ። መንገዱ ዛሬ በይፋ የሚጠራው በፀረ አፓርታይድ ታጋይዋ በራሂማ ሙሳ ስም ነው፤ በእኛ ሰው አፍ ግን አሁንም ጄፒ ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ ብርድ ልብሱ፣ በጅምላ የሚሸጠው ልብስና ጫማ ፎቅ ለፎቅ ተደርድሯል። የሕንጻዎቹን ስም ልብ ብሎ ላነበበ፦ ሜዲካል አርትስ፣ ላንሴት ሆል። ሰፈሩ በድሮው ዘመን የሐኪሞች ሰፈር ነበር። መሐል ከተማው ሲዳከም ሐኪሞቹ ወደ ሰሜኑ ሀብታም ሰፈሮች ሄዱ፤ ባዶ የቀሩት የመመርመሪያ ክፍሎች ሱቅ ሆኑ። ዛሬ ከሆሳዕና ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ድሮ ታካሚ ይታይበት በነበረ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ይሠራል፣ ዕቃ ይቆጥራል። ዓይኑ የደከመ ሲመስለው መነጽር ይገዛል። ከመነጽር ያለፈ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚያስብበት ጊዜም፣ የሚጠይቀው ሰውም የለውም።

ይህ ማስታወሻ ከመነጽር ስላለፈው ነገር ነው፤ ካንሰርና የካንሰር መድኃኒት በዓይን ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት፣ ታካሚው «አላይ አለኝ» ከማለቱ በፊት በምስል ስለ ማግኘት።

ያለ ቢላ

ሐኪም ቆዳ ሳይቀድ ሕያው ደም ሥርንና ነርቭን በቀጥታ የሚያየው በዓይን ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ይፋ ካደረገ ወዲህ ሐኪሞች ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ እያዩ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ የደም በሽታውን ሲለዩ ኖረዋል። ቀጥሎ ካሜራው መጣ። አንዱ ሐኪም ያየውን ሌላው እንዲያየው፣ የዘንድሮው ከከርሞው ጋር እንዲነጻጸር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ ለዓለም ተዋወቀ። የሚሠራው በብርሃን ነው፤ የራጅ ጨረር የለው፣ መርፌ የለው፣ ዓይንን አይነካ። ታካሚው አገጩን ያስደግፋል፣ አንዲት ነጥብ ትኩር ብሎ ያያል፣ በሰከንዶች ውስጥ የሬቲናው ድርብርብ ሽፋን በስክሪኑ ላይ ይወጣል። አንድ ሚሊሜትር ለ200 ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ቀጭን ለውጥ ይለያል። ከሬቲና ሥር የቋጠረ ውኃ፣ ያበጠ ነርቭ፣ ከኋላ የሚገፋ ዕጢ እዚያ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ታካሚው ገና ምንም አልተሰማው ይሆናል።

ደባቂው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተግሣጹ ለታማሚው ነው። በዓይን ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ደባቂው ታማሚው አይደለም። ሁለት ዓይን ስላለን አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይሸፍንለታል። ሰውየው ያነባል፣ መንገድ ይሻገራል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፤ የግራ ዓይኑ መሐል መጥፋቱን የሚያውቀው አንድ ቀን ቀኙን ሲያሽ ነው። ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ ሲደማም ሲቀደድም ዝም ነው። ስለዚህ «ካመመህ ተናገር» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይበቃም። ካንሰር እንዳለበት የታወቀን ሰው፣ የማያመውን ነገር አምጥቶ እንዲናገር መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጠያቂው ሆስፒታሉ መሆን አለበት።

ለማንም ሰው የሚሆን አንድ ነገር ግን አለ። በሳምንት አንድ ቀን አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ በሌላው ማንበብ፣ ከዚያ መቀያየር። ሳንቲም አይጠይቅም።

ደም በዓይን

የደም ካንሰር ሬቲና ላይ ምልክቱን ይተዋል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሲያንስ የደም ነጠብጣብ ይወጣል፤ አንዳንዱ ነጠብጣብ መሐሉ ነጭ ነው፣ ሐኪሞች የሮት ነጠብጣብ ይሉታል። ምልክቱ በሌሎች በሽታዎችም ስለሚታይ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የደም ምርመራ ይታዘዝ ብሎ ለመወሰን ግን ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው የካንሰሩ ሴሎች ወደ ዓይን ነርቭ ሲገቡ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ቀጠሮ የማይሰጠው ይሆናል፤ ዓይኑን ለማዳን ብቻም አይደለም። ዓይን ውስጥ የገባ የደም ካንሰር አንጎልና ሰረሰር አካባቢም ሊኖር እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ እዚያ እንደ ልብ አይደርስም።

የአራት ዓመት ልጅ «በቀኝ ዓይኔ መሐል ጥላ አለ» ብሎ አይናገርም። ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብሎ ያያል፣ በር ይገጨዋል፣ ወላጅ ልጁ የቸኮለ ይመስለዋል። በደም ካንሰር ለተያዘ ልጅ የሚናገርለት ምስሉ ነው።

ዓይን ቀድሞ ሲናገር

አንዳንድ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በፊላዴልፊያው ዊልስ የዓይን ሆስፒታል የተሠራ ጥናት፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ ወደ ዓይን የተሠራጨ ካንሰር የተገኘባቸውን 420 ታካሚዎች መረመረ። ከ100 ታካሚዎች 34ቱ ዓይናቸው ሲታይ ካንሰር እንዳለባቸው ከቶ አያውቁም ነበር። ብዙውን ጊዜ መነሻው የጡት ካንሰር ነው፣ ቀጥሎ የሳንባ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከሬቲና ኋላ ያለው ኮሮይድ የተባለው ሽፋን በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ በደም የሚጓዝ ሴል እዚያ ማረፊያ ያገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለመነጽር ባለሙያው ነው። ዓይኗ የደበዘዘባትን የ50 ዓመት ሴት የመነጽር ቁጥር ለክቶ የሚሸኛት ባለሙያ፣ ከዓይኗ ኋላ ያለውን ካላየ የሕይወቷን ትልቁን ዜና አሳልፎ ሊሆን ይችላል።

እንባ

ዶሴታክሰል የተባለው ኬሞ ለጡት ካንሰር በብዙ አገር ይሰጣል። በተለይ በየሳምንቱ ሲሰጥ የእንባ መውረጃውን ቀጭን ቱቦ ሊያጠብበው ይችላል። እንባው መሄጃ ሲያጣ በጉንጭ ይወርዳል። ቤተሰብ ሴትየዋ ያለቀሰች ይመስለዋል፣ ያጽናናታል፤ ጎረቤት «ተስፋ ቆረጠች» ይላል፤ እሷም በሽታው ያመጣው ኀዘን ነው ብላ ትቀበላለች። በጊዜው ያያት ሐኪም በቱቦው ውስጥ ቀጭን የሲሊኮን ማስተላለፊያ አስገብቶ እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ግን አጥንት የሚነካ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። እዚህ ላይ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። «እንባሽ ሳታለቅሺ ይወርዳል ወይ?» ብላ የምትጠይቅ ነርስ ትበቃለች።

ዓይን ሳይታይ የማይሰጥ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ማልቲፕል ማየሎማ ለተባለው የመቅኔ ካንሰር ቤላንታማብ ማፎዶቲን የተባለ መድኃኒት ሲፈቀድ፣ አንድ ጥብቅ ግዴታ አብሮት መጣ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት የታካሚው ዓይን እንዲመረመር ታዘዘ፤ መድኃኒቱ ኮርኒያን፣ የዓይንን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ክፍል፣ ስለሚጎዳ ነው። የዓይን ሐኪሙ ያየውን ጽፎ ይልካል፣ የካንሰር ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ያዘገያል ወይም ይቀጥላል።

ከሕጉ የምረዳው ይህን ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞች ሲገደዱ መነጋገር ይችላሉ። ለሌሎቹ መድኃኒቶች ያለው ልማድ ግን እንደ ሐኪሙ ትጋት ነው። ታሞክሲፈን ለጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል፤ ሬቲና ላይ ክሪስታል ሊያስቀር እንደሚችል የሕክምና መጽሔቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያውቃሉ። በዛሬው አነስተኛ መጠን ጉዳቱ ጥቂት ሰዎችን ነው የሚነካው። ያን ጥቂት ሰው የምናውቀው ግን መድኃኒቱ ሲጀመር የተነሣ ምስል ካለ ነው፤ ያለ መጀመሪያው ምስል፣ ከዓመታት በኋላ የታየው ለውጥ አዲስ ይሁን የቆየ ማንም አይፈርድም።

ምስል መድኃኒትንም ያድናል

ሰዎች ምርመራ መድኃኒት ያስቆማል ብለው ይፈራሉ። ተቃራኒውም ይሆናል። ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር የሚሰጡት ሜክ አጋጅ የሚባሉት መድኃኒቶች በተጀመሩ በቀናት ውስጥ ከሬቲና ሥር ውኃ ሊያስቋጥሩ ይችላሉ። ታካሚው ብዥታ ሲያይ ይደነግጣል፣ የካንሰር ሐኪሙም ይደነግጣል፣ ሕይወት የሚያራዝመው ክኒን ይቆማል። ኦሲቲ ውኃው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነና እየቀነሰ መሄዱን ስለሚያሳይ ብዙዎቹ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ። ያልታየ ነገር ያስፈራል፣ ፍርሃትም ያለ ምክንያት ሕክምና ያስቆማል።

ሁለት ግቢ

ጆሃንስበርግ በምትገኝበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር የሕዝብ ሆስፒታሎች ውስጥ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ፓርክታውን የሚገኘው ሻርሎት ማክሴኬ ሆስፒታል፣ ሌላው ፕሪቶሪያ የሚገኘው ስቲቭ ቢኮ። ታላቁ የሕዝብ የዓይን ሆስፒታል ሴንት ጆን ደግሞ ሶዌቶ ነው፣ በክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ግቢ። ባራግዋናት እ.ኤ.አ. በ1942 የወታደር ሆስፒታል ሆኖ የተከፈተ፣ ዛሬ 3,000 ያህል አልጋ ያለው፣ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ከፓርክታውን ሶዌቶ በመኪና ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጤነኛ ሰው መንገዱ ምንም አይደለም። ኬሞ ወስዶ የሚያስመልሰው፣ ሁለት ታክሲ የሚቀያይር፣ ዓይኑ የደበዘዘ ሰው ግን መንገዱ ራሱ ሕመም ይሆንበታል።

አዲስ አበባም ከዚህ አትርቅም። የካንሰር ማዕከሉ ጥቁር አንበሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፣ ግቢያቸው ግን ለየብቻ። በሁለቱም ከተማ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንጻ አይደለም። በካንሰር ክፍሉ ውስጥ አንድ የዓይን ካሜራ፣ ማንሣት የሠለጠነ አንድ ቴክኒሻን፣ ምስሉን ወደ ዓይን ሐኪሙ የሚያደርስ አንድ መስመር። ታካሚው ባለበት ይቆይ፣ ምስሉ ይሂድ።

«ሥጋ ነው»

ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ብርታት ይጨምራል። በዓይን ነጭ ላይ በተለይም ከጥቁሩ ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ የሚነሣ አንድ ካንሰር አለ። ፀሐይ ታነሣሣዋለች፣ ኤችአይቪ ያበረታታዋል፣ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስም ስሙ አብሮ ይነሣል። በአውሮፓ የሽማግሌዎች በሽታ ነው፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ግን ወጣቶችን ያገኛል። 8 ሚሊዮን ያህል ሰው ከኤችአይቪ ጋር በሚኖርባት በደቡብ አፍሪካ ይህ የዳር ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የሴንት ጆን ሐኪሞች በሽታውን በሰፊው ያጠኑት ያለ ነገር አይደለም።

ጭንቁ መልኩ ነው። በፀሐይና በአቧራ ከሚበቅለው፣ ጉዳት ከሌለው ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። «ሥጋ ነው» ተብሎ ዓመት ያድራል። ኦሲቲ በዓይን ፊት ላይ ሲሠራ ልዩነቱን ያወጣዋል፤ ካንሰሩ ሲሆን የላይኛው ሽፋን ወፍሮ፣ ደምቆና ከጤናማው ጋር ድንገት በሚቆረጥ ድንበር ተለይቶ ይታያል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ናሙናው ቢሆንም፣ ማን ናሙና ይወሰድለት የሚለውን ምስሉ ያቀልላል። በጊዜ የተገኘው በትንሽ ቀዶ ሕክምናና በጠብታ ይድናል። በኬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፍሎሮዩራሲል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በጠብታ መልክ የወሰዱ ታካሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ከ100 ወደ 11 ገደማ ሲሆኑ፣ ጠብታውን ካልወሰዱት ግን ወደ 36 ገደማ መሆናቸውን አሳየ። ዘግይቶ የመጣው ዓይኑን፣ አንዳንዴም የዓይኑን ጎድጓዳ በሙሉ ያጣል።

ነጭ ብልጭታ

ሬቲኖብላስቶማ የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው፤ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። እናት የምታየው ምልክት የልጇ ዓይን በመብራት ፊት እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ሲያበራ ነው። በ153 አገሮች የሚገኙ 4,351 ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ልዩነቱን በወር ቆጥሮታል። በሀብታም አገሮች ሕፃኑ በሽታው የሚታወቅለት በአማካይ በ14 ወሩ ነው፤ በድሃ አገሮች በ30 ወሩ። በእነዚያ 16 ወራት ውስጥ ዕጢው ዓይንን አልፎ ይወጣል። በድሃ አገሮች ግማሽ ያህሉ ሕፃናት የመጡት ዕጢው ከዓይን ከወጣ በኋላ ነበር፤ በሀብታሞቹ ከ100 ሁለት አይሞሉም።

የአንድ አሜሪካዊ ኬሚስት ልጅ በዚህ ካንሰር ተያዘ። አባትየው ብራያን ሾው ይባላል። የቤተሰቡን ፎቶዎች ወደ ኋላ ሲያገላብጥ ነጩ ብልጭታ ሐኪም ከማወቁ በፊት በፎቶ ላይ እንደ ነበር አየ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶ የሚመረምር የስልክ መተግበሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት፣ የዓይን ሕመም ከነበረባቸው 20 ሕፃናት በ16ቱ ፎቶ ላይ ምልክቱ ከምርመራው በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ እንደ ነበር አሳየ። እኛም ክርስትናውን፣ ልደቱን፣ ዒዱን በፍላሽ እያነሣን ለአገር ቤት እንልካለን። ያ ፎቶ ምርመራ ሊሆን ይችላል። ነጭ ብልጭታ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የፎቶው አቅጣጫም ሊያመጣው ይችላል። ግን ደጋግሞ በአንድ ዓይን ላይ ከታየ ነገ የሚባል ነገር የለም። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፣ የዓይን ሐኪሙን ግን በዚያው ሳምንት ይይ።

ጠብታና የሥራ ቀን

ሐኪሙ የዓይንን ኋላ በደንብ ለማየት ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ቅርብ ነገር አይነበብም፣ ብርሃን ያስቸግራል፣ መንዳት አይቻልም። ደመወዝተኛ ፈቃድ ይወስዳል። በሶዌቶ ሱቅ ብቻውን የሚይዝ ሰው ግን ሱቁን ይዘጋል፤ መልስ ለመቁጠር ዓይን ይፈልጋል። ቀጠሮ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ መዝገብ ላይ ግን «አልመጣም» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ዛሬ ያለ ጠብታ የሚያነሡ ካሜራዎች አሉ። ለሁሉም ጉዳት አይበቁም፤ ለመጀመሪያው ማጣሪያ ግን ይበቃሉ፣ ሰውየውንም ወደ ሥራው ይመልሱታል።

ወረፋ

እ.ኤ.አ. በ2023 የጋውቴንግ መንግሥት የጨረር ሕክምና ወረፋውን እንዲያቃልል 784 ሚሊዮን ራንድ ተመደበ። ወረፋ ላይ የነበሩት ታካሚዎች 3,000 ገደማ ነበሩ። ካንሰር አሊያንስ የተባለው ማኅበር ሕክምናው አልደረሰም ብሎ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጤና መምሪያው ሕገ መንግሥቱን እንደ ጣሰ ፈረደ።

ስለ ዓይን ምስል የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል የለበትም። ቀድሞ ማግኘት ጥቅም የሚኖረው ቀድሞ ማከም ሲኖር ነው። ከዓይን ኋላ የተሠራጨ ዕጢ በምስል ተገኝቶ ጨረሩ ከዓመት በኋላ ከመጣ፣ ለታካሚው የተረፈው ቀድሞ መጨነቅ ነው። ካሜራ የሚገዛ በጀት ከካሜራው ጋር አብሮ ወረፋውን የሚያሳጥር ካልሆነ ጎዶሎ ነው።

ከዳኑ በኋላ

በራስና በአንገት አካባቢ የሚሰጥ ጨረር ዓይን አጠገብ ሲያልፍ የሬቲናን ደም ሥሮች ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ወዲያው አይደለም፤ ከወራት እስከ ዓመታት ይቆያል። በዚያን ጊዜ ታካሚው ድኗል፣ ቤተሰቡ ደስ ብሎታል፣ ቀጠሮው ተራርቋል። ደም ሥሮቹ ማፍሰስ ሲጀምሩ የሚጠብቃቸው የለም። በጊዜ የተገኘው ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊታገዝ ይችላል። ከመርፌዎቹ አንዱ ቤቫሲዙማብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ነበር፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ዓይን ያድናል። ከካንሰር የዳነ ሰው «ደህና ሁን» ሲባል የዓይን ቀጠሮው አብሮት ይውጣ።

በር ላይ

እ.ኤ.አ. በ2025 ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን አባላት በክሊኒኮች በር ቆመው የውጭ አገር ሰው ናቸው ያሏቸውን ታካሚዎች መታወቂያ እየጠየቁ ይመልሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን እንዳያደርጉ ከለከለ። እገዳው ትልቅ ነገር ነው። ፍርሃት ግን በፍርድ ወረቀት ወዲያው አይለቅም። በር ላይ አንዴ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ የሚመጣው ሲያቅተው ነው፤ ሲያቅተው የመጣ ዓይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየ ነው።

እያንዳንዱ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ውሳኔም አለ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2023 ይኸው ፍርድ ቤት ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ዜግነታቸውና ወረቀታቸው ምንም ይሁን ምን፣ በሕዝብ ሆስፒታል ነጻ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ሬቲኖብላስቶማ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ5 ዓመት በፊት ነው። ነጭ ብልጭታ ያየች እናት ወረቀት የለኝም ብላ አትቅር።

ስልኩ

ደቡብ አፍሪካዊው የዓይን ሐኪም ዊልያም ማፋም ቩላ የተባለውን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣ። በገጠር ክሊኒክ ያለ ጤና ሠራተኛ የታማሚውን ዓይን በስልኩ አንሥቶ ለስፔሻሊስት ይልካል፤ ሐኪሙ ይመልስለታል፣ አስቸኳዩን ከሚቆየው ይለይለታል። በዓይን ተጀምሮ ወደ ሌሎች የሕክምና ዘርፎች ሰፋ። መንገዱ ተፈትኗል ማለት ነው። የካንሰር ክፍሉ ነርስ በዚህ መንገድ ቀይ ዓይን፣ ወጣ ያለ ዓይን፣ የወደቀ የዓይን ቆብ ብትልክ የ15 ኪሎ ሜትሩ መንገድ በደቂቃ ያልቃል።

ሁሉም አይደለም

ካንሰር ያለበት ሰው ሁሉ በየወሩ ይነሣ ማለት አይደለም። ይህ ወረፋውን ያብስ እንደሆነ እንጂ ዓይን አያድንም። ቅድሚያ የሚገባቸው ይታወቃሉ፦ የደም ካንሰር ያለባቸው፣ ዓይን ይጎዳል ተብሎ የታወቀ መድኃኒት የሚጀምሩ፣ ራስና አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ ብዥታ ወይም ብልጭታ ያለባቸው የጡትና የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች፣ በቤተሰባቸው ሬቲኖብላስቶማ ያለባቸው ሕፃናት። ለእነዚህ አንድ ምስል ከመድኃኒቱ በፊት፣ ቀጥሎ እንደ መድኃኒቱ ጠባይ። ዝርዝሩ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በካንሰር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

እድር

በጆሃንስበርግ ያለው ወገናችን ሰው ሲሞትበት የሚያደርገውን አውቃለሁ። ስልክ ይደዋወላል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ አስከሬኑ ወደ አገሩ፣ ወደ እናቱ ይሸኛል። ይህ የምንኮራበት ደግነት ነው፣ ማንም እንዲቀንሰው አልጠይቅም። የምጠይቀው ከዚያው ደግነት ጥቂቱ ወደ ፊት እንዲመጣ ነው። እድሩ መተዳደሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምር፦ ካንሰር የተገኘበት አባል በመጀመሪያው ወር ዓይኑን እንዲታይ አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደብ፣ የምርመራው ዋጋ ከጎደለ ይሞላለት፣ ጠብታ ለተደረገበት ቀን ሱቁን የሚጠብቅለት ይኑር። አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፣ ይሂድለት። ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅለት፦ ይህ መድኃኒት ዓይን ይነካል ወይ? ከመጀመሩ በፊት የዓይን ምስል ይነሣል ወይ? ቀጣዩ መቼ ነው? አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም ይህን በጉባኤያቸው ይናገሩት። አንቀጹን ለመጨመር ፍርድ ቤትም፣ በጀትም፣ የማንም ፈቃድም አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይበቃል።